ረሃቡን ነው ወይስ ጾሙን የለካነው? የምግብ እጦት መጠይቅን አስተማማኝነትና ተገቢነት መፈተሻ መመሪያ

ለመመረቂያ ጽሑፍ መጠይቅ የሚያዘጋጅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሄድበት መንገድ ይታወቃል። የታወቀ መለኪያ ከኢንተርኔት ያወርዳል፣ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፣ 30 ሰው ላይ ይሞክረዋል። የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ ኤስፒኤስኤስ የክሮንባክ አልፋን 0.78 ብሎ ሲያወጣለት «መሣሪያው አስተማማኝና ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል» ብሎ ይጽፋል። ተገቢ ነው (ሊለካ የታሰበውን ይለካል) ለማለት ይህ ቁጥር ምንም ማስረጃ አይሆንም፤ አስተማማኝ ነው (ሲደገም ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል) ለማለትም የሚረዳው በከፊል ነው። አልፋ የሚናገረው ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ነው። የተስማሙበት ነገር ረሃብ ይሁን ጾም አያውቅም።

እዚህ የምንሠራው በአንድ መለኪያ ላይ ነው፤ አሠራሩ ግን ለአመለካከት ወይም ለእርካታ መጠይቅም ይሆናል። መለኪያው በኢትዮጵያ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ውስጥ በብዛት የሚታየው የቤተሰብ የምግብ እጦት መለኪያ፣ በምህጻሩ ኤችኤፍአይኤኤስ ነው። ፋንታ የተባለው የቴክኒክ ድጋፍ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ መሠረት 9 ጥያቄዎች አሉት፤ ሁሉም ስላለፉት 30 ቀናት ይጠይቃሉ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ድግግሞሹ ይከተላል፦ 1 ወይም 2 ጊዜ ከሆነ 1 ነጥብ፣ ከ3 እስከ 10 ጊዜ ከሆነ 2፣ ከ10 ጊዜ በላይ ከሆነ 3። «አልነበረም» ዜሮ ነው። ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይሆናል፤ ከፍ ባለ ቁጥር እጦቱ የከፋ ነው።

ምን እንደሚለካ አስቀድሞ መወሰን

የምግብ ዋስትና አራት ገጽታዎች አሉት ይባላል፦ የምግቡ መኖር፣ ቤተሰቡ ሊያገኘው መቻሉ፣ ሰውነት በአግባቡ ሊጠቀምበት መቻሉ፣ እና ይህ ሁሉ ሳይቋረጥ መዝለቁ። ኤችኤፍአይኤኤስ የሚለካው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ መለኪያ ብቻ ተሠርቶ «የምግብ ዋስትና ሁኔታ» የሚል ርዕስ የያዘ ጥናት ገና ከሽፋኑ የተገቢነት ችግር አለበት።

ብያኔዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ለምሳሌ «ቤተሰቡ በገንዘብ ወይም በእህል እጥረት ምክንያት የሚፈልገውን ዓይነትና መጠን ምግብ አለማግኘቱ»። ከሥሩም በዚህ ብያኔ የማይካተተውን ይዘርዝሩ፦ በጾም ምክንያት አለመብላት፣ በሕመም የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማገዶ ወይም ጊዜ አጥቶ ሳያበስሉ መዋል። ይህ ሁለተኛው ዝርዝር ከመጀመሪያው የበለጠ ይጠቅማል። በኋላ የሚሠሩት እያንዳንዱ ፍተሻ እነዚህ ነገሮች ሾልከው ገብተው እንደሆነ መመርመር ነውና።

ዘጠኙ ጥያቄዎች ቅደም ተከተል አላቸው። የመጀመሪያው ስለ ሥጋት ነው፤ ከ2 እስከ 4 ያሉት ስለ ምግቡ ዓይነትና ጥራት፣ ከ5 እስከ 9 ያሉት ደግሞ ስለ መጠኑ ይጠይቃሉ። የመጨረሻው ጥያቄ ቀንና ሌሊት ምንም ሳይበሉ መዋልና ማደርን የሚመለከት ስለሆነ ከሁሉም የከፋው ነው። ይህ ቅደም ተከተል ለፍተሻ ስለሚያገለግል ጥያቄዎቹን አያቀያይሩ።

አማርኛው

ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተርጉሙ፣ ተቀምጠው አንድ ያድርጉት፣ ዋናውን ያላየ ሦስተኛ ሰው ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። መልሶ መተርጎም የሚያሳየው ግን የተማሩ ሰዎች እርስ በርስ መግባባታቸውን ነው፤ የገጠር እማወራ ጥያቄውን እንዴት እንደምትሰማው አይነግርም። ለዚህ ከ8 እስከ 12 ከሚሆኑ፣ ጥናቱ የሚመለከታቸውን ከሚመስሉ ሰዎች ጋር የመረዳት ቃለ መጠይቅ ያስፈልጋል። ጥያቄውን ያንብቡላቸውና መልሳቸውን ከሰሙ በኋላ «ይህ ጥያቄ ምን እየጠየቀ ነው ብለው ተረዱት?»፣ «አዎ ሲሉ የትኛውን ቀን አስበው ነው?»፣ «ለምን ነበር ያልበሉት?» ብለው ይጠይቁ።

ከእነዚህ ሦስተኛው፣ «ለምን» የሚለው፣ ወርቅ ነው። በዋናው መለኪያ ስለ ሥጋት ከሚጠይቀው ከመጀመሪያው በስተቀር እያንዳንዱ ጥያቄ «ከማጣት የተነሣ» የሚል ዓይነት ሐረግ ይዟል። ትርጉሙ ሐረጉን ወደ መጨረሻ ከወሰደው ወይም መረጃ ሰብሳቢው ሲደክመው ከዘለለው ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ጾም የሚጠይቅ ይሆናል። በሰሙነ ሕማማት አክፍለው እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ያልቀመሱ ሰዎች ያሉበት ቤት፣ ጎተራው ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ከሁሉም የከፋው ረሃብ ውስጥ ይመደባል። ስለዚህ ምክንያቱን ፊት ላይ ያምጡት፦ «ባለፉት 30 ቀናት፣ የሚበላ ወይም መግዣ ከማጣት የተነሣ፣ ከቤተሰቡ ውስጥ ቀኑንም ሌሊቱንም ምንም ሳይበላ የዋለና ያደረ ሰው ነበር?» ረዘም ይላል፤ ይርዘም። ከ2 እስከ 9 ባሉት ሁሉ ላይ ይደገም።

30 ቀን የሚለውም እንዲሁ በመስክ ላይ ይላላል። መላሹ አንድ ጊዜ ሳምንት፣ አንድ ጊዜ ክረምቱን ሙሉ እያሰበ ይመልሳል። የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ እዚህ ይጠቅማል፦ ቃለ መጠይቁ በ5 ከሆነ «ካለፈው ወር አቡዬ እስከ ዛሬ» ማለት ልክ 30 ቀን ነው። በ12 ከሆነ ሚካኤል፣ በ21 ከሆነ ማርያም አለች። የወር በዓላቱን የማይከተል ቤተሰብ ከሆነ የአካባቢውን የገበያ ቀን ይዞ አራት ገበያ ወደኋላ መቁጠር ይቻላል። በመስከረም ከጠየቁ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን እንደምትጨምር አይርሱ።

ድግግሞሹን ደግሞ «አልፎ አልፎ»፣ «አንዳንድ ጊዜ»፣ «ብዙ ጊዜ» ብሎ መጠየቅ ስህተትን መጋበዝ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አይረዳውም። «ስንት ጊዜ ነበር?» ተብሎ ቁጥሩ ይመዝገብ፤ ወደ 1፣ 2 እና 3 መመደቡ በኮምፒውተር ላይ ይሠራ።

የባለሙያዎች ግምገማ

«አማካሪዬ አይተውታል» የይዘት ተገቢነት ማስረጃ አይደለም። ከ6 እስከ 10 ባለሙያዎች እያንዳንዱን ጥያቄ ከብያኔዎ አንጻር ከ1 (አይገናኝም) እስከ 4 (በጣም ይገናኛል) እንዲመዝኑ ያድርጉ። 3 ወይም 4 የሰጡትን ሰዎች ለጠቅላላው ሲያካፍሉ የጥያቄው የይዘት ተገቢነት መጠን ይገኛል። ባለሙያዎቹ 5 ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ ሁሉም መስማማት አለባቸው፤ 6 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ 0.78 በቂ ነው። ከ7 ባለሙያ 6ቱ ከተስማሙ 0.86 ስለሚሆን ጥያቄው ያልፋል፤ 5ቱ ብቻ ከሆኑ 0.71 ነውና ይታረማል። የሥነ ምግብ መምህራንን ብቻ አይሰብስቡ። ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማይታይ ነገር ያያሉ።

ሙከራውና አልፋ

ስለ 30 ሰው አንድ ነገር ይታወቅ። ዘጠኝ ጥያቄ ባለው መለኪያ ከ30 ሰው የተገኘ 0.78 የ95 በመቶ መተማመኛ ክልሉ በግምት ከ0.64 እስከ 0.88 ነው። «0.70ን አልፏል» ለማለት የሚያስደፍር አይደለም። ሙከራው የጥያቄውን እንከን ለማየት ይጠቅማል፤ አልፋን ግን ከዋናው ናሙና እንደገና ያስሉና ያንን ሪፖርት ያድርጉ።

አልፋ በሁለት ነገሮች ይወሰናል፦ በጥያቄዎቹ አማካይ ተዛምዶና በጥያቄዎቹ ብዛት። መደበኛው ቀመር የጥያቄውን ብዛት በአማካይ ተዛምዶው ያባዛል፤ ያንን ደግሞ ለ1 + (ብዛት − 1) × አማካይ ተዛምዶ ያካፍላል። 9 ጥያቄዎች በአማካይ 0.30 ቢዛመዱ አልፋ 0.79 ይሆናል። 20 ጥያቄዎች በአማካይ 0.15 ብቻ ቢዛመዱም 0.78 ይወጣል። ሁለተኛው መጠይቅ እርስ በርስ እምብዛም የማይገናኙ ጥያቄዎች ክምር ነው፤ ያዳነው ብዛቱ ነው። በተቃራኒው ከ0.95 በላይ የወጣ አልፋ ብዙውን ጊዜ አንድን ጥያቄ በተለያየ አነጋገር የደጋገመ መጠይቅ ምልክት ነው። ስለዚህ አልፋን ከአማካይ ተዛምዶው ጋር አብረው ያውጡ። ዕድሜን፣ የትምህርት ደረጃንና የቤተሰብ ብዛትን አካቶ «የመጠይቁ አልፋ» የሚል ስሌት ደግሞ ትርጉም የለውም፤ አልፋ አንድን ጽንሰ ሐሳብ ለሚለኩ ጥያቄዎች ብቻ ነው።

አሁን ብዙ ጥናት የሚበላሽበት ቦታ ላይ ደርሰናል። «አልነበረም» ያለ ቤተሰብ የድግግሞሽ ጥያቄ ስለማይጠየቅ ያ ሳጥን ባዶ ይቀራል። አልፋ በድግግሞሹ ዓምዶች ላይ ሲሰላ ኤስፒኤስኤስ አንድ ባዶ ያለበትን ቤተሰብ ሙሉ በሙሉ ያስወጣዋል። በስሌቱ ውስጥ የሚቀሩት ዘጠኙንም «አዎ» ያሉት ብቻ ይሆናሉ። ከ400 ቤተሰብ 23 ቢቀር እንኳ አልፋው በጸጥታ ይወጣል። መጀመሪያ ባዶዎቹን ወደ 0 ይቀይሩ፤ ከዚያም በውጤቱ ሰንጠረዥ አናት ላይ ያለው የናሙና ቁጥር ከጠቅላላው ጋር መስማማቱን ይመልከቱ። በአመለካከት መጠይቅ ላይ የሚመሳሰለው ስህተት በአሉታ የተጻፉ ጥያቄዎችን ሳይገለብጡ መደመር ነው፤ አልፋ በጣም ዝቅ ካለ ወይም ከዜሮ በታች ከወረደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

«ጥያቄው ቢወጣ አልፋ ስንት ይሆናል» የሚለውን ዓምድ በጥንቃቄ ያንብቡት። ዘጠነኛውን ጥያቄ «አዎ» የሚሉት ጥቂቶች ስለሆኑ ልይይቱ ትንሽ ነው፤ ከድምሩ ጋር ያለው ተዛምዶም ዝቅ ይላል። ሶፍትዌሩ አውጣው የሚል ይመስላል። ካወጡት አልፋው ከፍ ይላል፣ መለኪያው ግን እጅግ የተራቡትን መለየት ያቅተዋል። ጥያቄ የሚወጣው ይዘቱ ስህተት ሆኖ ሲገኝ ነው።

ከአልፋ ይልቅ ብዙ የሚናገር ቀላል ሠንጠረዥ አለ፦ ለእያንዳንዱ ጥያቄ «አዎ» ያሉትን በመቶኛ ደርድሩ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሲሄድ መቀነስ አለበት። «ቤት ውስጥ ምንም ዓይነት የሚበላ አልነበረም» የሚለውን ሰባተኛውን 5 በመቶ ብቻ «አዎ» ብለው ዘጠነኛውን 14 በመቶ «አዎ» ካሉ፣ አንድ ነገር ተሰብሯል። ጾም ገብቷል፣ ወይ ትርጉሙ ተሳስቷል፣ ወይ አንድ መረጃ ሰብሳቢ ሐረጉን እየዘለለ ነው። ሠንጠረዡን በመረጃ ሰብሳቢ ከፋፍለው ሲያዩት የትኛው እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይለያል።

ድጋሚ ልኬትና መረጃ ሰብሳቢዎች

አንድን ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ሲጠይቁ መካከል ያለው ጊዜ ስንት ይሁን? የተለመደው ሁለት ሳምንት ለአመለካከት ይሠራል፤ ለምግብ እጦት ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ደመወዝ ይገባል፣ እህል ይወቃል፣ ሁኔታው በእውነት ይለወጣል። ከ3 እስከ 5 ቀን ይሻላል፤ ሁለቱ የ30 ቀን ጊዜያት በአብዛኛው ይደራረባሉ። ከናሙናው ከ5 እስከ 10 በመቶውን በሌላ መረጃ ሰብሳቢ ያስጠይቁ።

ስምምነቱን በፒርሰን ተዛምዶ አይለኩ። ሁለተኛው ጠያቂ ለሁሉም ቤተሰብ 3 ነጥብ ጨምሮ ቢመዘግብ ፒርሰን 1.00 ይላል። የሚያስፈልገው አይሲሲ፣ ማለትም ሁለቱ ልኬቶች በነጥቡ መጠን ጭምር መስማማታቸውን ሊያሳይ የሚችለው ቁጥር ነው፤ ኤስፒኤስኤስ ውስጥ ደግሞ ሳይነካ የሚመጣውን «ወጥነት» የሚለውን ምርጫ ወደ «ፍጹም ስምምነት» መቀየር ይገባል። ከ0.75 በላይ ጥሩ፣ ከ0.50 በታች ደካማ ተደርጎ ይወሰዳል።

መልሶቹ «አለ» እና «የለም» ከሆኑ በአጋጣሚ የሚመጣውን ስምምነት ቀንሶ የሚያሳየው ካፓ ይሰላል። ለምን መቶኛ ስምምነት እንደማይበቃ በቁጥር እንየው። ሁለት ጠያቂዎች 100 ቤተሰብ መደቡ፤ በ85ቱ ሁለቱም «እጦት አለ»፣ በ5ቱ ሁለቱም «የለም» አሉ፣ በ10ሩ ተለያዩ፣ አምስት አምስት። ስምምነቱ 90 በመቶ ነው፤ ያኮራል። ነገር ግን እያንዳንዳቸው 90ውን «አለ» ስላሉ በአጋጣሚ ብቻ ሊስማሙ የሚችሉት 0.90 × 0.90 + 0.10 × 0.10 = 0.82 ነው። ካፓ (0.90 − 0.82) ÷ (1 − 0.82) = 0.44 ብቻ ይሆናል።

አስተማማኝነቱ ከታወቀ የመለኪያ ስህተቱም ይታወቃል፦ መደበኛ ልይይቱን (ነጥቦቹ ከአማካያቸው የሚርቁበትን መጠን) በ(1 − አስተማማኝነት) ካሬ ሥር ማባዛት ነው። መደበኛ ልይይቱ 6፣ አስተማማኝነቱ 0.80 ከሆነ ስህተቱ 2.7 ነጥብ ገደማ ነው። የአንድ ቤተሰብ ነጥብ ከ11 ወደ 9 ወረደ ብሎ «ተሻሻለ» ማለት አይቻልም፤ በሁለት ልኬቶች መካከል ከ7 ነጥብ በላይ ልዩነት ይጠይቃል። የ200 ቤተሰብ አማካይ በ2 ነጥብ ቢወርድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጠያቂ ሲሠለጥን ሁለት ነገር አጥብቀው ይያዙ። የሚጠየቀው ሰው የቤቱን ምግብ የሚያሰናዳው ነው፤ አባወራው ቤት ያለውን ምግብ ላያውቅ ይችላል። ጎረቤት ወይም የቀበሌ ሰው አጠገብ ቆሞ ከሆነ አይጠየቅ፤ ይሉኝታው «ተመስገን፣ ምን ጎደለን» ያሰኛል። እንዲሁም አንድን ቀበሌ ለአንድ ጠያቂ ብቻ አይስጡ፤ ልዩነቱ የቀበሌው ይሁን የጠያቂው በኋላ መለየት አይቻልም።

ተገቢነትን መፈተን

መረጃው ከመታየቱ በፊት ምን እንደሚጠብቁ ጽፈው ቀን ያስፍሩበት። ለምሳሌ፦ በሬ የሌላቸው ቤተሰቦች ጥንድ በሬ ካላቸው የበለጠ ነጥብ ይኖራቸዋል፤ ወጪ በጨመረ ቁጥር ነጥቡ ይወርዳል፤ በክረምት ከጥር ይልቅ ከፍ ይላል። ነጥቡ እነዚህን ካልተከተለ አልፋው 0.90 ቢሆንም ችግር አለ። ማነጻጸሪያው ራሱ መታመኑን ግን ይፈትሹ። ዕድሜን ብንወስድ፣ በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ከጠቅላላው 20 በመቶ ገደማ መሆን ሲገባቸው 40 በመቶ ከሆኑ የተሰበሰበው ግምት ነው። በጥማድ የተነገረ መሬትም ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ከሌላ መለኪያ ጋር ማነጻጸር ጥሩ ነው፤ ወጥመድ ግን አለው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም የምግብ ፍጆታ ነጥብ ያለፉትን 7 ቀናት ቆጥሮ እህልን በ2፣ ጥራጥሬን በ3፣ አትክልትና ፍራፍሬን በየፊናቸው በ1፣ ሥጋና ወተትን እያንዳንዱን በ4፣ ዘይትና ስኳርን በ0.5 ያባዛል። በሁዳዴ እንጀራ 7 ቀን፣ ሽሮ 6 ቀን፣ አትክልት 3 ቀን፣ ዘይት 7 ቀን፣ ስኳር 6 ቀን የበላ ቤተሰብ 14 + 18 + 3 + 3.5 + 3 = 41.5 ያገኛል። ያው ቤተሰብ በፍስክ ሳምንት፣ ረቡዕና ዓርብን ጾሞ፣ በ5ቱ ቀን ወተት ቢጨምር 61.5 ይሆናል። ዘይትና ስኳር በየቀኑ ማለት ይቻላል በሚበላበት አካባቢ የሚሠራበት መቁረጫ 42 ነው። ስለዚህ ምንም ያላጣ ቤተሰብ በጾሙ ብቻ ወደ «አሳሳቢ» ደረጃ ይወርዳል። ግማሹን ቀበሌ ከፋሲካ በፊት፣ ግማሹን በኋላ ከሰበሰቡ የሚያገኙት ልዩነት የቀን መቁጠሪያ ልዩነት ነው። መረጃው ሁሉ በአንድ ወቅት ይሰብሰብ፤ ካልተቻለ የቃለ መጠይቁ ቀንና ቤተሰቡ በእነዚያ 7 ቀናት መጾሙ ይመዝገብ። ረመዳንንም በዚሁ ሚዛን ይዩት።

መለኪያው ከማይገባው ነገር ጋር አለመጣበቁም ይታያል። ድብርትን የሚለካው የፒኤችኪው-9 መጠይቅ ለምሳሌ ስለ ምግብ ፍላጎት መቀነስና ስለ ድካም ይጠይቃል፤ ኤችኤፍአይኤኤስም በሥጋት ይጀምራል። ሁለቱ ሲዛመዱ ከፊሉ ዝምድና የጥያቄዎቹ መመሳሰል ነው። ሥጋትንና የምግብ ፍላጎትን የሚመለከቱትን ጥያቄዎች አውጥተው እንደገና ያስሉ፤ ተዛምዶው ምን ያህል እንደወረደ ይጻፉ።

እርዳታ የሚጠበቅበት አካባቢም የራሱ ፈተና አለው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሴፍቲኔት ፕሮግራም በሚሠራባቸው ወረዳዎች ፎርም ይዞ የመጣ እንግዳ መዝጋቢ ሊመስል ይችላል። ጠያቂው ከቀበሌ ሹም ጋር አብሮ አይሂድ፤ ጥናቱ ከእርዳታ ጋር እንደማይያያዝ መጀመሪያም መጨረሻም ይነገር። ከዚያም የሚታየውን ነገር ሠንጠረዥ ውስጥ ያስገቡ፦ ሁሉንም ጥያቄ «ከ10 ጊዜ በላይ» ብለው የመለሱ ቤቶች በዝተው አንድ ቀበሌ ላይ ከተከማቹ ይጠርጠሩ።

በአገሮች ወይም በጣም በሚለያዩ ማኅበረሰቦች መካከል ማነጻጸር ከፈለጉ ዘጠኙን አይጠቀሙ። ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰበ የኤችኤፍአይኤኤስ መረጃ ሲፈተሽ በየባህሉ አንድ ዓይነት ትርጉም ይዘው የተገኙት የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ናቸው፤ ከእነሱም ከ0 እስከ 6 የሚቆጠረው የቤተሰብ ረሃብ መለኪያ ወጣ። 0 እና 1 ረሃብ የለም ወይም ትንሽ ነው፣ 2 እና 3 መካከለኛ፣ ከ4 እስከ 6 ከባድ ነው።

ሪፖርቱ ውስጥ የሚገባው

ደካማ አስተማማኝነት እውነተኛውን ዝምድና ያሳንሰዋል። በእውነት 0.50 የሚዛመዱ ሁለት ነገሮች በ0.70 እና በ0.60 አስተማማኝነት ቢለኩ የሚታየው ተዛምዶ 0.32 ገደማ ነው። ስለዚህ «ዝምድና አልተገኘም» ከማለትዎ በፊት የሁለቱንም መለኪያ አስተማማኝነት ያስቀምጡ። የሌላ ሰው ጥናት ያወጣውን አልፋ እንደራስዎ አይጥቀሱ፤ አልፋ የመጠይቁ ሳይሆን በዚያ ናሙና ላይ የተገኘው ነጥብ ባሕርይ ነው።

በዘዴው ምዕራፍ ውስጥ የሚከተሉት ይግቡ፦ የትርጉሙ ሂደትና የተለወጡት ጥያቄዎች ከነምክንያታቸው፣ የባለሙያዎቹ ብዛትና የእያንዳንዱ ጥያቄ ውጤት፣ አልፋ ከመተማመኛ ክልሉና ከአማካይ ተዛምዶው ጋር፣ የድጋሚ ልኬቱ ቀናትና አይሲሲ፣ አስቀድመው የጻፏቸው ግምቶች፣ የከሸፉትም ጭምር፣ እና መረጃው የተሰበሰበበት ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነጾሙ። ሙሉውን የአማርኛ መጠይቅ በአባሪ ያያይዙ፤ ያለ እሱ ሌላ ተመራማሪ «ከማጣት የተነሣ» የሚለው ሐረግ የት እንደነበረ ማወቅ አይችልም።